ምዕራፉ እስኪያልቅ

በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ንግሥቲቱ ያስከፈቱት የአዋላጆች ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሊፈትን ተዘጋጀ፤ ግርማዊነታቸውም በገዛ ዓይናቸው ሊያዩ ቀን ቈረጡ። ትምህርቱ በቃል ነበር፤ መምህሩ የምዕራፉን ርእስ ይጠራሉ፤ ተማሪዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ታንበለብላለች፤ መካከል ላይ የተደናቀፈች ከራሱ፣ ከመጀመሪያው ቃል፣ ትጀምራለች። አንዲት ልጅ ግን ተደናቅፋ አታውቅም ነበርና ጓደኞቿ «ፏፏቴ» ይሏት ነበር።

በፈተናው ማለዳ የታላቅ እኅቷ አማት ልከው አስጠሯት። ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዶ ያለቅሳል፤ እንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ደሙ ግን አላቆመም። አንሶላው ሁሉ ርሷል።

ፏፏቴ በሩ ላይ ቆመች፤ እጆቿም ሳታዝዛቸው ወደ ኋላዋ ሄዱ።

«ምዕራፍ ሰባት፤ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም። ደም የሥጋ ሕይወት ነውና አዋላጅ ሁሉ አስቀድማ...»

«ኧረ ልጄ፣ ስብከቱን ተይውና ወደዚህ ቅረቢ!» አሉ አማትየው።

እኅቷ ከንፈሯ ነጥቷል። «አንቺ ልጅ፣» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ምዕራፉ እስኪያልቅ እኔ አልቃለሁ።»

ፏፏቴ መግቢያውን ልትዘል ሞከረች፤ ቃሉ ሁሉ ተበተነባት። ከራሱ ጀመረች፤ አሁንም ጠፋት። በመጨረሻ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻዋን መጣች፦ ማኅፀኑ ቢላላ እስኪጠነክር ይታሽ። እጇን እኅቷ ሆድ ላይ አኖረች፤ ከእጇ በታች ያለው ሁሉ ለስላሳ ነው። የላላው የትኛው ነው? አንድ ቀን አንዲት ተማሪ «በእጅ ሲዳሰስ እንዴት ያለ ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ መምህሩ «መጽሐፉ አይልም» ብለው አለፉት፤ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችባት ደግሞ ፏፏቴ ራሷ ነበረች።

«ዝም አትበይ፣ ምን እናድርግ?» አሉ አማትየው።

«ይቆዩ፣ እማማ። ለምን ይጠንክር እንዳለ ላስብ።»

ደሙ የሚመጣው እንግዴ ልጁ ከተላቀቀበት ነው፤ የማኅፀኑ ሥጋ ቢጨበጥ የደሙ መንገድ ይታፈናል። እንግዲያው የምትፈልገው ከእጇ በታች የሚለወጥ ነገር ነው። ከእምብርቱ ግድም አጥብቃ አሸች። ክንዷ ዛለ፤ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ድንገት አንድ ክብ ነገር ተሰብስቦ ጠጠረ። እጇን ብታነሣ ላላ፤ ደሙም ተከተለ። መልሳ አሸች።

«ቀነሰ፣» አሉ አማትየው አንሶላውን ገልጠው፤ ቆይተውም «ቀነሰ» አሉ፣ የመጀመሪያውን እንዳላመኑት።

«እጅሽ እንዴት ይከብዳል!» አለች እኅቷ። ፏፏቴ ይህን ሰምታ አለቀሰች፤ እጇን ግን አላነሣችም።

ደሙ ሲቆም ወጥታ ፈተናው ቦታ ስትደርስ ንግሥቲቱ ከተቀመጡ ቆይተዋል። መምህሩ ምዕራፍ ሰባትን ጠሩላት፤ እርሷም የዳሰሰችውንና ምክንያቱን መናገር ጀመረች። «ከራሱ ጀምሪ!» አሏት። ሞከረች፤ ግን የኋላው እንጂ የፊቱ አልመጣላትም።

የትምህርት ቤቱ ታሪክ የጸሐፊው ብዕር እንደ መራው ተጽፏል፤ ግርማዊነታቸው የሸለሟት ተማሪም ተመስግናለች። ስለ ፏፏቴ ያለው «ዘግይታ መጣች፤ ምዕራፉንም ከመካከል ጀመረች፤ ወደቀች» የሚል ብቻ ነው። ለምን እንደ ዘገየች ያን ቀን የጠየቃት አልነበረም፤ እኅትየዋ ግን ልጇን አሳድጋለች፤ የልጅ ልጅም አይታለች።