እጅህን ታጥበህ ና

ድልድዩ ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም። ልብስ ሰፊዋ በመኪናዋ መሀሉ ላይ ስትደርስ ሽንኩርት የጫነ መኪና ከፊት መጣባት። ሁለቱም ቆሙ።

«እህቴ፣ ወደ ኋላ በይ እንጂ» አለ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«አንተ በል። ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ።»

«ይሄን ሁሉ ጭኜ?»

«እዚሁ እናድራታለን እንጂ ንቅንቅ አልልም።»

እልኸኛነቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ግን እልህ አልነበረም። ወደ ኋላ መንዳት አትችልም። ከንጋት ጀምሮ ጭር ባለው የገጠር መንገድ ብቻዋን ስትነዳ፣ «መመለስ እንዳይመጣብኝ» እያለች ስትጸልይ ነው የመጣችው።

መንዳት ያስተማራት ግንበኛው ነበር። «በሚቀጥለው እሁድ የኋላ ማርሽ» ብሏት ነበር። ያ እሁድ አልመጣም። ሐሙስ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ሱቋ ገብቶ፣ ደንበኞች ባሉበት «አግቢኝ» አላት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አፏ ቀደማትና «መጀመሪያ እጅህን ታጥበህ ና» አለችው። ደንበኞቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። እሱ ሲሚንቶ የደረቀበትን እጁን ገልበጥ አድርጎ አየና ወጣ።

ይኸው ሁለት ዓመት። ባለፈው ሳምንት እህቱ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ እዚህ ወንዝ ላይ ድልድይ እየጠገነ መሆኑን ነገረቻት። ይቅርታ ልትለው ነበር አመጣጧ።

ጭቅጭቁን ሰምቶ አንድ ሰው ከድልድዩ ሥር ወጣ። እሱ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«ግንበኛው፣ እባክህ ይህችን ሴትዮ አንድ በልልኝ» አለ ሹፌሩ።

ግንበኛው መስኮቷ ጋ መጣ። «ለምን ወደ ኋላ አትይም?»

«... አልችልም።»

«እስካሁን?»

«ማን ያስተምረኝ?»

ሹፌሩ በሳቅ ፈረሰ። ያን ሳቅ ታውቀዋለች። በሱቋ የተሳቀው ሳቅ ነው። ፊቷ ነደደ።

ግንበኛው ግን አልሳቀም። «ዝም በል አንተ» አለውና ከመኪናዋ ኋላ ሄዶ ቆመ። «ስፖኪዮውን እዪ። እጄን ብቻ ተከተዪ።»

መስታወቱ ውስጥ ያ እጅ ታያት። ሲሚንቶ የደረቀበት። «ነይ... ቀስ... ነይ...» ይላታል።

«እንባሽን ጥረጊ፣ ወንዝ ትከቺናለሽ።»

ወደ ኋላ እያለች ከድልድዩ ወጣች። ሹፌሩ አጠገባቸው ሲያልፍ፣ ነገሩ ገብቶት ኖሮ «ለሰርጉ ሽንኩርቱ ከእኔ» ብሎ ሄደ።

ከመኪናዋ ወረደች። አንገቷን ደፍታ «ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር» አለችው። «ደስታዬ እንዳይታይብኝ አፈርኩና አንተን አሳፈርኩህ። ይቅር በለኝ።»

 

«ያን ቀን ቤቴ ሄጄ ታጠብኩ» አለ። «ሁለቴ። ልመለስ በሩ ድረስ ወጣሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ።»

እሷ ቀና ብላ እጁን አየች።

«ሐሙስ ከተማ እገባለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ከሥራ በቀጥታ ና። ምንም ሳትቀይር።»

ሐሙስ መጣ። ሱቁ በደንበኛ ሞልቷል። ያኔ የሳቁትም አሉ። ስፌቷን አቁማ ተነሳች። ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አግባኝ።»

እጁን አየ። «ሳልታጠብ?»

«ሳትታጠብ» አለችና ሲሚንቶ የደረቀበትን እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።