ሁኔታው ረግቷል እንበል

ዓብዱልጀሊል ሲቀመጥ አንድ እግሩ አያርፍም። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ሻዩ ይፈሳል፣ አጠገቡ የሚጽፍ ሰው እጁ ይስታል። መጀመሪያ ያየሁትም በዚሁ የተነሳ ነው። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር በሚገኘው በእናቴ በኡሙልኸይር ዓሣ ቤት ተቀምጬ፣ የወደቅሁበትን የሙቀት ሽግግር ትምህርት ለድጋሚ ፈተና እያጠናሁ ነበር። ፊት ለፊቴ ዓሣ የሚበላ ሰው አላስጽፍ አለኝ።

«ወንድሜ፣ እግርህን ያዝልኝ!» አልኩት።

«ይቅርታ እህቴ» አለና ያዘ። አፍታም ሳይቆይ ወረቀቴን በግልባጩ አንብቦ፣ «ሙቀቱን ከቀዝቃዛው ወደ ትኩሱ እየነዳሽው ነው» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን ወደ ዓሣው መለሰ። እውነቱን ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ሜካኒካል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ አጥቶ፣ በባቡር መጥቶ ናጋድ ጣቢያ ወርዶ፣ በጀልባ ወደ ኦቦክ ከዚያም በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ የሚያሻግረውን ደላላ የሚጠብቅ መንገደኛ። ደላላው «ነገ» ይላል፤ ነገ ሲደርስም «ነገ» ይላል። በዚህ መሀል ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ያስረዳኝ ጀመር። እኔ የምማረው በፈረንሳይኛ፣ እሱ የተማረው በእንግሊዝኛ፤ የምንገናኘው በአማርኛ ነበር።

ማንኛውንም ጥያቄ ሲጀምር በቅድሚያ አንድ መስመር ይጽፋል፦ «ሁኔታው ረግቷል እንበል»።

«ረጋ ማለት ቆመ ማለት ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«አይደለም። ሙቀቱማ ሁሌም ይሄዳል። ግን በአንድ በኩል የገባው ያህል በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ የትም ቦታ ብትለኪ፣ ዛሬም ነገም ያው ነው።»

«አንተ ግን አትረጋም።»

እግሩን ያዘ። ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ትኩስ ንፋስ የቆርቆሮውን በር ያንገጫግጫል። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ ወረቀቱን አያለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አልታየኝም። ወድጄዋለሁ፤ ምን ልደብቅ!

እናቴም ዕውር አይደለችም። «ፈትያ፣ ያ ልጅ መንገደኛ ነው» አለችኝ። «ልጄን ለጀልባ አልድርም።»

ሰበብ የሆነን ዓሣው ነው። በሐምሌ ሙቀት የእናቴ ማቀዝቀዣ ክፍል አይችልም፤ ሞተሩ እያቃሰተ ዓሣው ይበላሽባታል። ዓብዱልጀሊል ክፍሉን ዞሮ ለካው። ውጭው አርባ ሁለት ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ሁለት እንዲሆን፣ የግድግዳውን ብሎኬት፣ ሙቀት የሚከለክለውን ፎምና ላሜራውን በየተራ እያስገባን ሁለታችን አሰላነው። ወፍራም ፎም ከለበሰ ያው አሮጌ ሞተር ይበቃል።

«እትዬ ኡሙልኸይር፣ ይፍቀዱልኝና ልሥራው» አላት።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ከሠራ እዚሁ ትቀራለህ። ዓሣ ነጋዴው ሁሉ እንዲህ ያለ ክፍል ይፈልጋል፤ እንጀራህ ከዚያ ይወጣል። ካልሠራ ግን ልጄን ተዋትና መንገድህን ቀጥል።»

«እሺ» አለ። እኔን ሳያየኝ ነው እሺ ያለው።

ውስጡ ስለሚጠብ ፎሙን ከውጭ አለበስነው። ስሌቱን በከሰል በውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ ጻፈው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላማ መቀመጥ አቃተው፤ በሩን ይከፍታል፣ ቴርሞሜትሩን ያያል፣ ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። «በሩን ተወው!» እለዋለሁ። አመሻሹ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። በማግስቱ አሥራ ስድስት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

በነጋታው አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው፤ ደላላው በመጨረሻ «ዛሬ» ብሎታል ማለት ነው።

ወደ ክፍሉ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ለማልቀስ እንጂ ለሌላ አልነበረም። ግድግዳውን ስደገፍ ጀርባዬን ሞቀኝ። አየሩ ቀዝቅዟል፣ ብሎኬቱ ግን ገና ለብ ያለ ነው። ፊት ለፊቴ በከሰል የተጻፈው ስሌት አለ፤ የመጀመሪያዋ መስመር «ሁኔታው ረግቷል እንበል» ትላለች።

ገና አልረጋማ! ብሎኬቱ ሲጠጣ የከረመውን ሙቀት እየተፋ ነው። ስሌቱ የሚናገረው ተፍቶ ከጨረሰ በኋላ ስላለው ነው። እኛ የመጨረሻውን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ፈለግነው።

ታክሲ ይዤ ወደ ወደቡ በረርኩ።

የኦቦክ ጀልባ ተሳፋሪ እየጫነ ነበር። ከመንገደኞቹ መሀል ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

«ዓብዱልጀሊል፣ ውረድ!»

«ፈትያ፣ ለምን መጣሽ? ለእናትሽ ቃል ሰጥቻለሁ። ክፍሉ አልሠራም።»

«ብሎኬቱን በእጅህ ነክተኸዋል?»

«ምን?»

«ከውስጥ በኩል። አሁን ተደግፌው ነው የመጣሁት። ይሞቃል።»

እግሩ ቆመ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ያ አላህ! አልረጋም!»

«እኔ ስሳሳት ድጋሚ ፈተና እቀመጣለሁ፤ አንተ ስትሳሳት ባሕር ላይ ትወጣለህ?»

«መቼ ይረጋል?»

«አላውቅም። ያስተማርከኝ የረጋውን ብቻ ነው።» እንባዬ መጣ። «ባይሠራም ውረድ። ከኦቦክ ማዶ ባሕሩ ስንቱን እንደበላ ታውቃለህ። እወድሃለሁ፤ ውረድ።»

ጀልባ ነጂው በአፋርኛ ጮኸ። ዓብዱልጀሊል ቦርሳውን ወረወረልኝና ተከትሎ ዘለለ፤ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ።

እናቴን «ጥቂት ቀን ታገሺን፤ በሩንም ማንም አይክፈተው» ብዬ ለመንኳት። ቁልፉን በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። እነዚያን ቀናት አታንሱብኝ። እሱ መንገዱን ሲመላለስበት ይውላል፤ እኔ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ቁልፉን ፈትታ ብቻዋን ገባች። ቆየች። ስትወጣ በጅቡቲ ኑሮዋ አይቼባት የማላውቀውን አየሁ፤ በብርድ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ዓብዱልጀሊል ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ፈትያ» አለችኝ፣ እሱን ሳታይ። «ይሄን ልጅ ሽማግሌ ይላክ በይው።»

«እሺ እማ።»

«ሹራብ ለብሰው ይምጡ። እዚያ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው።»