የጅብ መደብ

ፍሬገነት በባዶ እግሯ የረገጠችው ነገር አዳለጣት። ቁልቁል ከማየቷ በፊት ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ኩሽናው ደጃፍ ላይ ክንድ የሚያህል የበሬ አንጀት ተጋድሟል። አንዱ ጫፉ ታኝኮ ተትቷል፤ በሌላው ጫፍ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ሁለቱ ደግሞ በእግር ጣቶቿ መካከል ገብተዋል።

«ሲስ!» ብላ ጮኸች። ጆሃንስበርግ ውስጥ ነጩም ጥቁሩም ሕንዱም ሲጸየፍ የሚላት ቃል ናት። ፍሬገነት ቤት ውስጥ የምትናገረው አማርኛ ነው፤ ሲያንገሸግሻት ግን ቀድማ ከአፏ የምትወጣው ይህችው ናት።

ታናሽ ወንድሟ ቲቶ በፒጃማው እየሮጠ መጣ። «ኦ! ይንቀሳቀሳል እኮ! በእንጨት ልንካው?»

«ብትነካው እጅህን እቆርጠዋለሁ። ግባ!»

በአንድ እግሯ እየዘለለች እስከ ቧንቧው ሄደች። እግሯን አጠበችው፤ ደግማ አጠበችው፤ እናቷ ለቤተሰቡ ሁሉ የገዛችውን የእጅ ሳኒታይዘር ግማሹን እግሯ ላይ ገለበጠችው። ሽታው አልለቀቀም። ኮሮና ይዟቸው ማሽተት ያቃታቸው ሰዎች ሁሌም ያሳዝኗት ነበር፤ በዚያች ጠዋት ግን ቀናችባቸው።

የቀበሮዎቹ ሥራ ነው። ቤታቸው ያለው ከተማው ደቡብ ዳርቻ፣ የመጨረሻው መንገድ ከድንጋያማው ኮረብታ ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው። ከገና ወዲህ ቀበሮዎች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኮረብታው ወርደው በአጥር ሥር ይሾልካሉ። ጎረቤታቸው ሚስስ ናይዱ የልጅ ልጆቿ ዥዋዥዌ ሥር ሰኮና አግኝታለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሚስተር ፒተር ድመት እንደወጣች ቀርታለች። ሰፈርተኛው ድስት ደበደበ፣ ፊሽካ ነፋ፣ ባትሪ አበራ። ቀበሮዎቹም ለጊዜው ዘወር ይሉና፣ ጩኸቱ ሲበርድ ተመልሰው ይመጣሉ።

ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ፍሬገነት ግን ሌላው የማያውቀውንም ታውቃለች። አንጀቱ የመጣው ከራሳቸው ጋራዥ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ከተማው ተዘግቶ ጀፕ የሚባለው የሐበሾች ሰፈር ያሉት ምግብ ቤቶች በራቸውን ሲቆልፉ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ቅርጫ ጀመሩ። በሬው ከከተማ ውጭ እርሻ ላይ ይታረዳል። ሥጋው በፒክአፕ ተጭኖ እነፍሬገነት ጋራዥ ይመጣል፤ አባቷ አቶ ሀቢሶ ቢላውን ስሎ መደቡን ያወጣል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ማስኩን አድርጎ፣ ተራ ጠብቆ ድርሻውን ይወስዳል። ሆድ ዕቃውም እንዳይባክን በበርሜል አብሮ ይመጣል። እናቷ በለጥሽ ለዱለት የሚሆነውን ትለያለች። የቀረው ፈርስ፣ አንጀት፣ ሰኮናና የቆዳ ቅዳጅ በሰማያዊ ባልዲ በኋላ በር ይወጣና፣ ከኮረብታው ሥር ባለች ጎድጓዳ ቦታ ይደፋል።

«ይሄ ደግሞ የጅብ መደብ ነው» ይላል አቶ ሀቢሶ ባልዲውን ሲገለብጥ። ያደገው ሆሳዕና አጠገብ ነው። እዚያ ማታ የተደፋ ነገር ጠዋት አይገኝም፤ ጅብ አጥንቱን ሳይቀር ጠራርጎት ይሄዳል። ስለዚህ እሱ ባልዲውን ሲደፋ ግቢውን ያጸዳ እንጂ አገር ያቆሸሸ አይመስለውም።

በለጥሽ ነግራው ነበር። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል» አለችው አንድ ቀን፤ «አንተ ደግሞ ጅብ በሌለበት አገር ቁርበት አነጠፍክ!» ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ባልዲው ግን መውጣቱን አልተወም።

ቀበሮ እንደ ጅብ ጠራርጎ አይበላም። ይመርጣል፣ ይጎትታል፣ ይበትናል፤ የተረፈውን እዚህ አገር በጥር ለሚወርደው ዝናብና ለዝንብ ይተወዋል።

በሰፈሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ «ሚስተር ሀቢሶ» የሚባለው ሰው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ፍሬገነት ናት። አባቷ ቶኮዛ በሚባል ሰፈር ባለው ሱቁ ከደንበኛ ጋር በዙሉ ቋንቋ ይቀልዳል፣ በእንግሊዝኛ ይከራከራል፤ ማንበብና መጻፍ ላይ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ የቤቱ ስልክ እሷ ዘንድ ነው። የመጣውን ታነብለታለች፤ ያለውን ትጽፍለታለች።

ባለፈው ሳምንት ሚስስ ናይዱ «ሥጋ ውጭ የሚጥል ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አባቷ አገጩን አሸ።

«እኛ አይደለንም በይ» አለ። «የመኖሪያ ወረቀታችን ገና አልታደሰም። አከራዩ ሰምቶ ውጡ ቢለን የት እንገባለን? በሰው አገር አፍን መዝጋት ነው።»

ጻፈችው። ስትጽፈው ግን እኛ አይደለንም የሚለው ብቻውን ውሸት መሰላት፤ ውሸትም ነበር። አንድ ነገር ከጎኑ ማቆም ያስፈልገዋል ብላ ከራሷ ጨመረችበት፦ «ምናልባት ቆሻሻ የሚለቅመው ሰውዬ ይሆናል።» ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ የመዝጊያ ነጥቧን ሳትረሳ። ግሩፑ አውራ ጣት አዘነበላት።

ቆሻሻ የሚለቅመው ሰውዬ ስም አለው። ታባንግ ይባላል፤ የሌሶቶ ሰው ነው። ፍሬገነት ስታገኘው «ንታቴ» ትለዋለች፤ በሶቶ ቋንቋ አባት ማለት ነው። ከየቤቱ የቆሻሻ ገንዳ ፕላስቲክና ካርቶን ለይቶ፣ በጋሪ እየጎተተ ወስዶ ይሸጣል። ማታ ከመንገዱ ጫፍ ባሉት ባሕር ዛፎች ሥር ያድራል።

ረቡዕ ዕለት የእንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ መጣች። ሰፈርተኛው ማስኩን አድርጎ፣ ተራርቆ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ጠመንጃዬ ካዝና ውስጥ ነው» አለ ሚስተር ፒተር። «አንድ ምሽት ስጡኝ፤ እጨርሳቸዋለሁ።»

«በመኖሪያ ሰፈር መተኮስ ክልክል ነው» አለችው ሴትየዋ። «ቀበሮውን የሳተው ጥይት ማን ቤት እንደሚገባ ያውቃሉ?» ይህን ስትል የምታየው የሚስስ ናይዱን ዥዋዥዌ ነበር።

«እሺ፣ መርዝስ?»

«እሱም ክልክል ነው። የሚበላውም የጎረቤትዎ ውሻ ይሆናል።»

በአጥር ሥር ያለውን ቀዳዳ ድፈኑ፣ ገንዳችሁን ክደኑ፣ ስታዩአቸው ጩኹባቸው እንጂ አትሽሹ አለቻቸው። ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች «ግን ሁሉም ከንቱ ነው» አለች። «ማዕድ የሚያቀርብላቸው ሰው አለ። ያ ማዕድ ካልተነሳ እነሱም አይነሱም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞረ። ፍሬገነትም አብራ ወደዚያው አየች።

አሁን፣ በዚች ዓርብ ጠዋት፣ እግሯ ገና ሳይደርቅ ስልኩ ጮኸ። ሚስተር ፒተር ነው። «ነገ ጠዋት የሰፈሩ የጥበቃ ኩባንያ ዘበኞች መጥተው ሰውዬውን ያነሱታል። ጋሪውንም፣ ጆንያውንም። መጀመሪያ የጠቆሙንን ሚስተር ሀቢሶን እናመሰግናለን።»

 ትሉን ስታይ እንኳ እንዲህ አላቅለሸለሻትም ነበር። «ሲስ» አለች፤ አሁን ግን በሹክሹክታ፣ ለራሷ።

ትምህርት ቤት አልተከፈተም፤ እናትና አባቷ ሱቅ ናቸው። ቲቶን ካርቱን ፊት አስቀምጣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄደች። ታባንግ ካርቶን እየረገጠ ያጣጥፋል።

«ዱሜላ፣ ንታቴ» ብላ በሶቶ ሰላም አለችው።

«ዱሜላ፣ ልጄ። ስለ ነገ ልትነግሪኝ ከሆነ ሰምቻለሁ።»

«ሥጋውን የሚጥለው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለች በእንግሊዝኛ። 

አንድ ካርቶን አጥፎ በሌላው ላይ አስተካክሎ ጫነ። «እኔ ሌሊት እዚሁ ነኝ። ማን በየት በር እንደሚወጣ አያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«በገናችሁ ጊዜ አባትሽ ሥጋ ሰጥቶኛል። በወረቀት ጠቅልሎ፣ ራሱ እዚህ ድረስ መጥቶ። ሥጋ ከቀመስኩ ግማሽ ዓመት ሆኖኝ ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «በዚያ በበላሁበት አፍ ነው የምናገረው?»

 ማስክ ማድረጓ በጀ፤ ፊቷን ቢያይባት ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

ቤት ገብታ የእናቷን ቦቲ ተጫማች። ማስክ በማስክ ላይ ደረበች፣ የጎማ ጓንት አጠለቀች፣ አካፋና ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ይዛ በኋላ በር ወጣች።

ጎድጓዳዋ ቦታ ከሩቅ ትጮኻለች፤ የዝንብ ድምፅ ነው። ቅርጫው በመጣ ቁጥር የተደፋው ተደራርቦ፣ ዝናብ ጠጥቶ፣ አረንጓዴና ጥቁር ሆኗል። ሰኮናዎቹ ከፈርሱ ውስጥ አፍጥጠዋል። አንድ ጊዜ ዛቀች፤ ከሥሩ የታፈነው ሽታ ሲፈነዳ ፊቷን አዙራ ቁርሷን መለሰች። አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ ደግማ ዛቀች። ትሉ በአካፋው ጠርዝ ላይ እየተንጠባጠበ ቦቲዋ ላይ ያርፋል። አለቀሰች፤ ተናደደችም፤ በአባቷ፣ በበሬው፣ ይህን ሁሉ በሚበላ ሰው ሁሉ፣ ከሁሉ በላይ በራሷ።

ቀና ስትል ከላይ ድንጋይ ላይ ቀበሮ ተቀምጧል። ጀርባው ጥቁር፣ ጎኑ ቀላ ያለ፣ ቀጭን ነገር ነው። አካፋውን ከድንጋይ ጋር አጋጨችውና «ሂድ!» ብላ ጮኸችበት። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ፤ እግሩን ይልስ ጀመር። በዚያ አካባቢ ከነበሩት ሁሉ ንጹሕ የሚመስለው እሱ ነበር።

«አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?»

አባቷ ነው። ለሱቁ ዕቃ ሊጭን መጥቶ የኋላው በር ተከፍቶ አገኘው። አፍንጫውን በክርኑ ሸፍኖ ቆሟል። «ነይ ግቢ! ሰው ያይሻል!»

«ይየኝ።»

«እኔ አነሳዋለሁ። ሲጨልም።»

«ሲጨልም ነዋ የደፋኸው፣ አባዬ።»

አቶ ሀቢሶን እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ቀደመችው። ስለ ነገው፣ ስለ ጋሪው፣ ስለ ጆንያው ነገረችው።

«ታባንግን? እሱ ምን አደረገ? ማን ነው እሱ ነው ያለው?»

«አንተ።»

«እኔ?»

«በአንተ ስም፣ እኔ። እኛ አይደለንም በይ አልከኝ፤ ጻፍኩት። ከዚያ የራሴን ጨመርኩበት።»

 እሷ ጠዋት አንጀቱን ባየችበት ዓይን አባቷ አያት። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ሰውዬ? በእጄ ሥጋ የሰጠሁትን?»

«አዎ።»

በጥፊ ቢላት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና መሬት መሬት ያይ ጀመር። «ወረቀቱስ?» አለ። «ቤቱስ?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

እውነቷን ነው፤ አታውቅም። አንድ ጓንቷን አውልቃ ስልኩን ከኪሷ አወጣች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። አባቷ ቀና አለ።

«ምን ይላል?»

ደስ ያላትን ልትነግረው ትችላለች፤ እሱ አንብቦ አያጣራትም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አንድም ቃል ሳትዘል በአማርኛ ነገረችው፦

«ስሜ ፍሬገነት ነው። የሚስተር ሀቢሶ ልጅ ነኝ። ሥጋውን የጣልነው እኛ ነን፣ ቆሻሻ የሚለቅሙት ሰውዬ አይደሉም። እሳቸው ናቸው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ አላለም። አሁን እያነሳነው ነው። ከእንግዲህ አይደፋም።»

«እያነሳነው ነው ይላል?»

«አዎ።»

አቶ ሀቢሶ ጉድጓዱን አየ፤ ዝንቡን፣ ግማሽ እንኳ ያልሞላውን ፌስታል፣ በልጁ ቦቲ ላይ የሚሄደውን ትል አየ። «ሲስ» አለ። ቃሉ በእሱ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

ልትልከው አውራ ጣቷን ስታነሳ «ቆይ፣ እንዳትልኪ» አላት። የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። አካፋውን አንስቶ ከጎድጓዳው መሃል እስኪሞላ ዛቀ፤ እያንገፈገፈው፣ ፊቱን አዙሮ ፌስታሉ ውስጥ ገለበጠው።

«አሁን ላኪው» አለ።

ላከችው። ስልኩ ወዲያው መጮህ ጀመረ፤ ሳታየው ኪሷ ከተተችው፤ ጓንቷን አጥልቃ የፌስታሉን አፍ ከፍታ ያዘችለት።