ከአበልጅ ያልተገዛ ብስክሌት

«ከእኔ አልተገዛማ!» አሉ አቶ አሻግሬ፤ የዋስትና ወረቀቱን ሳያነቡ ባንኮኒው ላይ ገፍተው መለሱለት።

ቢተው ብስክሌቱን በአንድ እጁ እንደያዘ ወረቀቱን አነሣው። የፊት ሹካው ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ጎማው ተጣሟል። ከተገዛ ገና ሁለት ወሩ ነው።

«ጋሼ፣ ዋስትናው ማንኛውም ወኪል ይጠግናል ይላል። ወኪሉ ደግሞ እርስዎ ነዎት። በርዎ ላይ ተጽፏል።»

«ታዲያ የሸጠላችሁ ምን ሊሠራ ነው? ደሴ ውሰደዋ!»

ደሴ! መኪና ከተገኘ ሙሉ ቀን ነው፤ ያውም ሳይክል ጣሪያ ላይ የሚጭን ሾፌር ከተገኘ። ከአቶ አሻግሬ ራስ በላይ ያው ቀለም፣ ያው ሹካ ያለው አዲስ ብስክሌት ተሰቅሏል።

«ስማ ልጄ፣ አንተን ክርስትና ያነሣሁህ እኔ ነኝ። አባትህ አበልጄ ነው። የእኔን በር አልፎ ከማያውቀው ሰው ይገዛል? ‹ምን አጉድለህበት ነው?› እያለ ሰው መሳቂያ አደረገኝ!»

የቢተውን አባት፣ ቄሱን፣ ሁልጊዜ «አንቱ» ነበር የሚሏቸው። ዛሬ ትተውታል።

«ደሴ ለቤተ ክህነት ጉዳይ ሄደው ነው ያዩት። እኔን ለማስደሰት ብለው...»

«እንግዲያው በገበያ ቀን ይምጣ። ድንጋይ ተሸክሞ በሬ ላይ ቆሞ ይቅርታ ይበለኝ። ያኔ ሹካውን በነፃ እለውጥልሃለሁ።»

የቢተው ጆሮ ጋለ። ድንጋይ የሚሸከመው ደም ያፈሰሰ ሰው ነው፤ ሳይክል የገዛ ነው እንዴ? ግን የክርስትና አባቱ ናቸው። ብስክሌቱን ወደ በሩ አዞረው።

የክፍል ጓደኛው አምባቸው በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

«ንገራቸው በቃ! አባትህ እኮ ላንተ ሲሉ ያደርጉታል።»

«ማድረጉንማ ያደርጉታል።»

«ታዲያ? ቀለል ያለች ጠጠር ምረጥላቸው!»

«አፍህን ዝጋ!»

«እሺ ወንድሜ፣ ኩራትህን ጋልበህ ና። የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋብህ ግን እንዳታለቅስ።»

ይህ እውነት ነው። የቢተው ቤት ትምህርት ቤቱ ካለበት ከመካነ ሰላም ወጥቶ በወግዲ መንገድ ሩቅ ነው። አምና ሲያረፍድ ከርሞ ዳይሬክተሩ «አንድ ቀን ብትደግም ትባረራለህ» ብለውታል። ብስክሌቱ የተገዛው ለዚህ ነበር።

ብስክሌቱን ተሸክሞ መንገድ ጀመረ። የገበያው ሰው ሁሉ መስቀል የሚሳለማቸው አባቱ ቄስ ወልደ ሚካኤል፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ፣ ሕፃናት እየተጋፉ ሲያዩዋቸው ታየው። ፊት ለፊቱ ያገኘውን ድንጋይ በእግሩ መታ። አውራ ጣቱን አመመው። ደግሞ መታው።

አባቱ ደጅ ላይ ጠበቁት።

«ሠራልህ?»

«ከእኔ አልተገዛም አሉ።»

ቄስ ወልደ ሚካኤል ፂማቸውን ዳሰሱ። «ቅር ብሎታል ማለት ነው። ሌላስ? ምንም አላለህም?»

ቢተው የተሰነጠቀውን ሹካ አየ።

«ምንም።»

«እኔው ሄጄ ባናግረውስ?»

«አይሄዱም!»

ድምፁ ካሰበው በላይ ወጣ። አባቱ ላይ ጮኾ አያውቅም። አባቱ በመገረም ሲያዩት ብስክሌቱን ከጎተራው ጀርባ አስደግፎ ተመለሰ።

«አባ፣ ሌሊት ለኪዳን ሲነሡ እኔንም ይቀስቅሱኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ከነገ ጀምሮ በእግሬ ነው የምሄደው።»