በሩ የማያውቀው ቁጥር

የኮምፒውተር ማዕከሉ ኃላፊ በማሽኖቹ መካከል በግንባሯ ተደፍታ ተገኘች። ገዳዩ ከአንዱ ማሽን ላይ በነቀለው የብረት ክዳን ደጋግሞ ወቅጧታል፤ ደሟ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ዘበኛ በካቴና ታስረዋል። በሩ የሚከፈተው ስልኩ ለተመዘገበለት ሰው ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ከተመዘገቡት ግቢ የቀሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ሰይጣን ነው የገባው?» አለ ያሰራቸው ፖሊስ።

መርማሪዋ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። የክዳኑን ጠርዝ አየች፤ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው።

«አባባ፣ መዳፍዎን ያሳዩኝ።»

«ምን ያደርግልሻል ልጄ? እኔ እንደሆንኩ አንዴ ተበልቻለሁ።»

መዳፋቸው ሻካራ ነው እንጂ ጭረት የለበትም።

የሟች ታናሽ ወንድም የበሩን ሲስተም የሚያስተዳድረው ባለሙያ ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ማን ይጠላት ነበር?»

«ያባረረችው ቴክኒሺያን ዝቶባት ነበር። ግን መግባት አይችልም። እሷው ራሷ አግደው ስላለችኝ የስልኩን የኔትወርክ አድራሻ፣ ማለት መለያ ቁጥሩን፣ ከላፕቶፔ ገልብጬ ከታገዱት ጋር አስገብቻለሁ።»

መርማሪዋ በበሩ ማሽን ስክሪን ላይ ያለውን የታገዱት ዝርዝር ከላፕቶፑ ጋር አስተያየች። ከዚያ ሁሉንም በሩ ጋ ሰበሰበቻቸው። ቴክኒሺያኑም ተጠርቶ ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ።

«ጠርሙስ ቆርጦኝ ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ደግሞ ያ በር ለእኔ ተዘግቷል።»

«እስቲ ስልክህን ይዘህ ጠጋ በል።»

አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ገፋ አደረገው። በሩ ቀጭ አለና ተከፈተ።

«የበሩ ማሽን የአድራሻን ቁጥሮች በሁለት ነጥብ እየለየ ነው የሚይዘው» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምዬው ዞራ። «ያንተ ላፕቶፕ ግን በሰረዝ ይጽፈዋል። ቁጥሩ ያው ነው፤ ማሽን ግን እንደ ሰው አያመዛዝንም፣ ሌላ ስልክ መሰለው። እገዳህ ማንንም አላገደም። ክዳኑን ደጋግሞ ያነሳ እጅ ደግሞ ሳይቆረጥ አይቀርም። የአባባ መዳፍ ደህና ነው። የዚህን ሰውዬ ፋሻ እንፍታ?»

ቴክኒሺያኑ እጁን ደበቀ፤ የሚደበቅበት ግን አልነበረም።

«ልለምናት ነበር የመጣሁት» አለ። «በሩ ሲከፈትልኝ ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። እሷ ግን ‹ማን አስገባህ?› ብላ ጮኸችብኝ።»

ካቴናው ከሽማግሌው ወደ እሱ ተዛወረ። ወንድምዬው ደፉ ላይ ተቀምጧል። ዘበኛው የተላጠ አንጓቸውን እያሹ አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ አባባ» አላቸው።

ሽማግሌው አንጓቸውን ማሸት ትተው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።