ዓይኗ እያየ የወሰድኩት ቡችላ

እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ የቀትር ጋኔን ምናምን የሚባል ነገር አላምንም፣ አሁንም አላምንም፣ ያየሁትን ግን አይቻለሁ፣ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው በጨለማ ሳይሆን የቆላዋ ከተማችን የኮኪት ፀሐይ አናት በሚበሳበት በስድስት ሰዓት ነው ያየሁት።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤት ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን። አጎቴ በየሳምንቱ እየመጡ "ሁለት ሴት ያለ ወንድ ከከተማ ዳር አታድሩም፣ ቤቱን አከራዩና እኔ ጋ ግቡ" ይላሉ፣ ባለፈው ወር ሌባ አጥር ጥሶ ያሉንን ሁለት ፍየሎች ሲነዳብን ደግሞ የልብ ልብ ተሰማቸው። እኔ ሰው ቤት ገብቼ የሰው ልጅ ሳጥብ አልኖርም። "ውሻ አመጣለሁ" አልኳቸው።

"ውሻ ወንድ ይሆናል?"

"ቢያንስ እዚህ ያድራል፣ እርስዎ ምሳ በልተው ነው የሚሄዱት።"

እማዬ ሁለት ነገር መከረችኝ፣ አንደኛ ማጅራቱን ይዘሽ አንሺው፣ የሚያለቅሰውን ተይው፣ ጠባቂ የሚሆነው ዝም የሚለው ነው፣ ሁለተኛ እናቱ ዞር ስትል ውሰጂ፣ ዓይኗ እያየ ከወሰድሽ ትከተልሻለች። "ትከተለኛ፣ በአንድ ጉዞ ሁለት ውሻ" ብዬ ሳቅሁባት።

አንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ሄድኩ። ዘበኛው ጋሼ ሞላ ዳስ ውስጥ ጋደም እንዳሉ "ከተበላሸው ተሳቢ ሥር አሉልሽ፣ የወደድሽውን ምረጪ" አሉኝ። ጎንበስ ስል አራት ቡችሎች፣ ከጎናቸው እናቲቱ፣ ቀይ፣ ግራ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ተጋድማ ታየኛለች። በዚያ ሙቀት ምላሷን አላወጣችም፣ እመኑኝ፣ ያኔ ልብ አላልኩትም። እያነሳሁ ፈተንኳቸው፣ ሦስቱ ጮኹ፣ ጥቁሩ ዝም ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "ልጅሽን ወሰድኩት" አልኳት ፊት ለፊቷ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቼው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ በደረቀው የማሽላ አገዳ ላይ ቀስ ብሎ ኮሽ፣ ኮሽ፣ ስቆም ይቆማል። ዞርኩ፣ ሜዳ ነው፣ መደበቂያ ዛፍ እንኳን የለም። ቡችላው ግን ጆንያው ውስጥ ሆኖ ጭራውን ይቆላል፣ ጀርባዬን ይመታኛል። "ነይ እንግዲህ ከመጣሽ" አልኩና ቀጠልኩ። አልሮጥኩም፣ ፈጠን ብያለሁ እንጂ።

እማዬ በር ላይ ቆማ "አንድ አልነበር ያልሽው፣ ያቺን ትልቋን ምን ልናበላት ነው?" አለችኝ።

"የቷን?"

"ቀይዋን ነዋ፣ አሁን ከኋላሽ ገብታ ወደ ጓሮ የዞረችውን።"

ጓሮ ሄጄ አየሁ፣ ምንም የለም።

ቡችላው ያን ቀንም በማግስቱም ያቀረብንለትን አልቀመሰም፣ ሆዱ ግን ከበሮ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አፉ ዙሪያ ወተት አለ። እኛ ቤት ደግሞ ፍየሎቹ ከተሰረቁ ወዲህ ወተት የሚባል የለም።

ቅዳሜ ገበያ ጋሼ ሞላን ሻይ ቤት አገኘኋቸው። "ቡችላው በጠርሙስ እሺ አለሽ? እናቱን ትራክተር ከገጫት ወዲህ እኔ ነኝ ወተት ሳጠባቸው የከረምኩት" አሉኝ።

"እናትየው ተሳቢው ሥር ነበረች እኮ፣ ጋሼ።"

"ቀብሬያታለሁ ልጄ፣ አንቺ ስትመጪ ሳምንት አልፏታል።"

"ግራ ጆሮዋ የተቀደደ?" ስላቸው ብርጭቆውን አስቀመጡት፣ ሻዩን አልጨረሱም።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ "ዛሬውኑ መልሺው፣ ካልሆነ ጠቅልላችሁ እኔ ቤት" አሉ። አልመልስም አልኩ። በነጋታው አጥራችን ሥር አንድ የሰው የላስቲክ ጫማ አገኘን፣ ተረከዙ ተነክሶ ተበስቷል፣ ቡችላው ገና ጥርስ በቅጡ አላበቀለም። ጫማውን ወስጄ "ሌባ ቢመጣ የሚያባርር አለን" ብዬ አጎቴ ፊት አስቀመጥኩት፣ ከዚያ ወዲህ ለምሳም አልመጡም።

አሁን ማታ ሁለት ጣሳ ውኃ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ሁለቱም ባዶ ናቸው። አላምንም ብያለሁ፣ አላምንም። ብቻ ቡችላው ጡት የሚተውበት ጊዜ እየደረሰ ነው፣ ያኔ እናቱ ብቻዋን ትሄዳለች ወይስ ይዛው፣ እሱን አላውቅም። ይዤው ልሂድ ካለች ግን እንደወሰድኩት ሁሉ ዓይኗ እያየ አስቀረዋለሁ። ይህን ስጽፍ ጓሮ ሆኖ ጭራው የአጥሩን ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል፣ ለማን እንደሚቆላ ግን ወጥቼ አላየሁም።