«ኬታ» የሚለው ፋይል

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ስልኬን አውጥቼ ሌላ ነገር የማይ ሰው ነበርኩ፣ ድምፅ ሰማሁ ጥላ አየሁ የሚሉኝን ሁሉ እንቅልፍ አጥታችሁ ነው እያልኩ ስንቱን አሹፌበታለሁ፣ እንግዲህ የራሴን ልንገራችሁና እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ።

ለሥራ ሶዶ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ወላይትኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፣ ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። አምና ልጆች ወላይትኛ የሚማሩበት ገጽ እንድሠራ ታዘዝኩ፣ ቃሉን ሲነኩት ድምፁ እንዲሰማ፣ ድምፁን የሚሰጡን ደግሞ ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የቦዲቲ አስተማሪ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ እየመጡ ማይኩ ፊት ይቀመጡና «ሃታ» ይላሉ፣ ውኃ ማለት ነው፣ ያስላሉ፣ «ኬታ» ይላሉ፣ ቤት ማለት ነው፣ ደግሞ ያስላሉ። በመሀል ዝቅ ባለ ድምፅ በወላይትኛ የሆነ ነገር ያወሩ ነበር፣ ለራሳቸው መስሎኝ ጆሮም አልሰጠሁት።

የድምፅ ፋይል ሲከብድ ገጹ ይንቀረፈፋል፣ የሰውም ዳታ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ከቃሉ በፊትና በኋላ ያለውን ሁሉ ቆርጬ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ሰከንድ አደረግኩት፣ ዋናውን ቅጂም ቦታ ያዘብኝ ብዬ አጠፋሁት። ሳልሰማው።

ገጹ በተከፈተ በወሩ ጋሽ አንጁሎ አረፉ። ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከሰዓት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ነጠላቸው ርሶ ቢሮዬ መጡና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንጁሎ ቃል ትቶልኛል» አሉኝ። «ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ፣ እዚያች ልጅ ዘንድ ቀድቼዋለሁ፣ ሂጂና ስሚው ብሎኝ ነው የሞተው።»

ያ ዝቅ ያለ ወሬ ምን እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አጠፋሁት ልላቸው ግን አልደፈርኩም።

«ያለኝ ቃላቱ ብቻ ነው እትዬ» አልኩ።

«እሱንም ቢሆን አሰሚኝ፣ ልጄ።»

«ኬታ»ን ነካሁት። ድምፃቸው መጣ፣ «ኬታ»፣ ሁለቷ ሰከንድ አለቀች፣ የማጫወቻው መስመር ጫፉ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ድምፁ ግን አልቆመም። መጀመሪያ ዝናቡ ነው ብዬ ነበር፣ ቀጥሎ ሳል መጣ፣ እኔው በእጄ የቆረጥኩት ሳል፣ ከዚያ ጋሽ አንጁሎ ረጋ ብለው በወላይትኛ ማውራት ጀመሩ። እትዬ አስቴር አልደነገጡም፣ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብለው «ኤ… ኤ…» ይላሉ፣ እሺ እንደማለት፣ አንዴም የሆነ ነገር ጠየቁ፣ እመኑኝ፣ ድምፁ ዝም ብሎ አስጨረሳቸውና መለሰላቸው። ጸጥ ሲል ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ደግሜ ነካሁት። ሁለት ሰከንድ፣ «ኬታ» ብቻ። ፋይሉን ከሰርቨር አውርጄ አየሁት፣ እሱም ሁለት ሰከንድ ነው፣ መጠኑም ያው እኔ የጫንኩት።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እኮ ያንን አጥፍቼው ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ነግሮኛል።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩኝ፣ አስተያየታቸው የሐዘንተኛ ሳይሆን የአጽናኝ ነበር። «ስላንቺም አንድ ነገር ብሏል» አሉኝ። «ዛሬ ግን አልነግርሽም።»

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቦዲቲ ሄጃለሁ። ምሳ ያበሉኛል፣ ያጫውቱኛል፣ ጋሽ አንጁሎ ስለኔ ምን አሉ ብዬ ስጠይቃቸው ግን እጄን ይዘው «እናትሽ ደህና ናት? ሂጂና እያት እንጂ» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ስለ እናቴ አንድም ቀን አንስቼላቸው አላውቅም። ትናንትም ደወልኩላት። ደህና ነኝ አለችኝ።